መልሱ መቼ ይበቃል? ከዶክትሬት ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ወዳለ ሥራ ስለመሻገር

የዶክትሬት ትምህርታቸውን እያገባደዱ ያሉ ወጣቶች ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ስላለው ሥራ ሊያማክሩኝ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ክህሎት ነው። የትኛውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ልማር፣ የትኛውን አጭር ኮርስ ልውሰድ፣ ሲቪዬ ስንት ገጽ ይሁን ይላሉ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መልስም አላቸው። እኔ ግን በአፈር ኬሚስትሪ የዶክትሬት ትምህርቴን ጨርሼ የመጠጥ ውሃ ጥራትን በሚመረምር ድርጅት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ እየጸናብኝ የመጣው እምነት ሌላ ነው። በዚህ ሽግግር ውስጥ ከባዱ ነገር አዲስ ክህሎት መማር አይደለም። ከባዱ ነገር አንድ ሥራ ተጠናቀቀ የሚባለው መቼ እንደሆነ የሚወስነው መለኪያ ከሥሩ መለወጡ ነው፤ ስለዚህ ለውጥ ደግሞ ለተማሪው አስቀድሞ የሚነግረው ሰው እምብዛም የለም።

በዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ጥያቄ የሚዘጋው ሊነሣ የሚችለው ተቃውሞ ሁሉ ተነሥቶ ሲያልቅ ነው። አንዱ የጆርናል ገምጋሚ ያላየውን ክፍተት ሌላው ያየዋል፤ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚፈትነው ኮሚቴም ሁለቱ ያላሰቡትን ጥርጣሬ ይዞ ይቀርባል። ተማሪው በእነዚህ ዓመታት የሚማረው ትልቁ ነገር የገዛ ሥራውን እንደ ተቃዋሚ ሆኖ መመርመርን ነው። ስለዚህም አንድ ተጨማሪ ሙከራ፣ አንድ ተጨማሪ ናሙና፣ ከመዝገብ ቤት የሚገኝ አንድ ተጨማሪ ሰነድ ሁልጊዜ መልካም ነው፤ ይበቃል የሚል ሰው የለም፣ ካለም የሚለው የምርምር ገንዘቡ ስላለቀ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ግን ጥያቄው የሚዘጋው መወሰን ያለበት ሰው መወሰን የሚችልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ማስረጃ ውሳኔውን የማይለውጥ ከሆነ፣ የቱንም ያህል እውነትና የቱንም ያህል አስደሳች ቢሆን፣ ሥራውን ያዘገየዋል እንጂ አያሻሽለውም።

ነገሩን በምሠራበት መስክ ላስረዳ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ባወጣው መመሪያ የናይትሬት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ወሰኑ የተቀመጠው በዋነኛነት የጡጦ ወተት የሚጠጡ ጨቅላ ሕፃናትን ለመጠበቅ ሲሆን፣ ምክንያቱም ናይትሬት በሕፃኑ አካል ውስጥ ተለውጦ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን እንዲያጣ ሊያደርግ ስለሚችል ነው። በዶክትሬት ዘመኔ ናይትሬት ሲያጋጥመኝ የምጠይቀው ከየት መጣ፣ ከማዳበሪያ ነው ወይስ ከፍሳሽ፣ አፈሩን አቋርጦ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ለመድረስ ስንት ዓመት ፈጀበት የሚል ነበር። እያንዳንዱ ጥያቄ ራሱን የቻለ የምርምር ጽሑፍ ይወጣዋል። አሁን በጠረጴዛዬ ላይ የሚቀመጠው ጥያቄ ይህ ውሃ ከወሰኑ በላይ ነው ወይስ በታች፣ በምን ያህል እርግጠኝነት፣ ዛሬ ጉድጓዱ ይዘጋ ወይስ ናሙና በድጋሚ ይወሰድ የሚል ነው። የሚጠይቀኝ ሰው የናይትሬቱን ታሪክ የማወቅ ፍላጎት ላይኖረው ይችላል። ውሃውን የሚጠጡ ሰዎች ግን መልሱን እየጠበቁ ናቸው።

ይህን ስል የውጭው ሥራ የጥራት ደረጃው ዝቅ ያለ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም በዚህ አስተሳሰብ ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች ራሳቸውን ሲጎዱ አይቻለሁና አጥብቄ እቃወመዋለሁ። የናይትሬት መጠን በሁለት መንገድ ይገለጻል፤ በናይትሬቱ ሙሉ ክብደት ወይም በውስጡ ባለው ናይትሮጅን ብቻ። 50 ሚሊግራም ናይትሬት በናይትሮጅን ሲሰላ 11 ሚሊግራም ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ የላቦራቶሪ ውጤት «12» ብሎ ቢመጣ፣ ቁጥሩ ናይትሬት ከሆነ ውሃው ከወሰኑ እጅግ በታች ነው፤ ናይትሮጅን ከሆነ ግን ወሰኑን አልፏል። ወረቀቱን ተቀብሎ ከማሳለፍ በፊት «ይህ ቁጥር የምን ቁጥር ነው?» ብሎ የሚያስቆመው ልማድ ከየትም ሳይሆን ከእነዚያ አድካሚ ዓመታት የተገኘ ነው። የዶክትሬት ትምህርት ለሌላው ሥራ የሚያወርሰው ዋና ሀብት ይህ ይመስለኛል፦ አንድን ቁጥር ወይም አንድን ምስክርነት ምን ያህል ማመን እንደሚገባ መመዘን፣ ያላወቁትንም ነገር በድፍረትና በትክክል ለይቶ መናገር። የሚለወጠው ይህ ጥንቃቄ የት ላይ እንደሚውል ነው። በዩኒቨርሲቲ ጥንቃቄው በጥያቄው ላይ ሁሉ እኩል ይፈስሳል፤ ውጭ ግን ስህተት ቢፈጠር ሰው በሚጎዳበት ቦታ ላይ ይከማቻል።

ታዲያ ይህ ለምን በትምህርቱ ዘመን አይነገርም? አንዱ ምክንያት የዲግሪው ታሪክ ነው። ዛሬ የምናውቀው በምርምር ላይ የተመሠረተ ዶክትሬት መልኩን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1810 በተመሠረተው የበርሊን ዩኒቨርሲቲና እርሱን በተከተሉት የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ነው፤ በዚያም መምህሩ ተመራማሪ፣ ተማሪውም የምርምሩ ተካፋይ ሆኖ እንዲያድግ ታሰበ። የአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ በ1861 በአገሩ የመጀመሪያዎቹን የፒኤችዲ ዲግሪዎች ሰጠ፤ እንግሊዝ የተቀበለችው ዘግይታ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። ሥርዓቱ ሲፀነስ ፕሮፌሰር ቀጣዩን ፕሮፌሰር የሚያፈራበት መንገድ ሆኖ ነበር፤ የተማሪው ቁጥር ትንሽ፣ ዩኒቨርሲቲዎችም እየተስፋፉ በነበሩበት ጊዜ ይህ ያስኬድ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ብቻ በየዓመቱ ከ50 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች የምርምር ዶክትሬት ያገኛሉ። የብሪታንያው የሳይንስ አካዳሚ ሮያል ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ዘገባ ላይ፣ በሳይንስ ዶክትሬት ከሚይዙት ሰዎች መካከል ቋሚ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሚሆኑት 3.5 በመቶ ያህል፣ ፕሮፌሰር የሚሆኑት ደግሞ ከግማሽ በመቶ በታች መሆናቸውን አሳይቷል። ቁጥሩ ከአገር አገርና ከመስክ መስክ ይለያያል፤ አቅጣጫው ግን አንድ ነው። ይህን እያወቅን ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣውን ሰው እንደ ልዩ አጋጣሚ ወይም መንገድ እንደሳተ መቁጠር ለብዙኃኑ ተማሪ ፍትሐዊ አይደለም። መምህር ሆኖ የሚቀረው ጥቂቱ ነው፤ ትምህርቱ የሚዘጋጀው ግን አሁንም ለእርሱ ነው።

በሌላ በኩል ጥልቅ ጥያቄ የሚኖረው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ብቻ ነው የሚለውን እምነት ታሪክ አይደግፈውም። አሜሪካዊው ኬሚስት ኧርቪንግ ላንግሚዩር በ1906 በጀርመን ጌቲንገን ዶክትሬቱን ካገኘ በኋላ ለጥቂት ዓመታት በአንድ የቴክኖሎጂ ኮሌጅ አስተማረ፤ በ1909 ግን ወደ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የምርምር ላቦራቶሪ ገባ። ኩባንያውን ያሳሰበው ጉዳይ የኤሌክትሪክ አምፖል መስታወት ከውስጥ እየጠቆረ አምፖሉ ቶሎ አገልግሎቱን መጨረሱ ነበር። ብዙዎች መፍትሔው በአምፖሉ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት አየር ይበልጥ መምጠጥ እንደሆነ ያስቡ ነበር፤ ላንግሚዩር ግን መስታወቱን የሚያጠቁረው ከጋለው የተንግስተን ሽቦ የሚተንነው ብረት ራሱ መሆኑን አሳየ፤ አምፖሉን ከሽቦው ጋር በማይዋሐድ ጋዝ መሙላት ትነቱን እንደሚቀንስም አረጋገጠ። ጋዝና ብረት በሚገናኙበት ገጽ ላይ ስለሚሆነው ነገር የቀጠለው ምርምሩ በ1932 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ከታሪኩ የሚማርከኝ ሽልማቱ አይደለም፤ ኩባንያው የሚፈልገው «አምፖሉ ለምን ይጠቁራል?» የሚለው ጠባብ ጥያቄ ሳይናቅ በትክክል መጠየቁ ነው። እንዲህ ያሉ ታላላቅ ስሞችን ለተማሪ ማጽናኛ አድርጎ ማቅረብ ግን ብዙም አልወድም። አብዛኞቻችን የምንሠራው ሽልማት የማያውቀውን ሥራ ነው፤ ያም ሥራ በራሱ ክብር አለው።

ስለ ሐዘኑም መናገር አለብኝ፤ ብዙ ምክር ሰጪዎች በፍጥነት ያልፉታልና። ለዓመታት «ምን ትሠራለህ?» ሲባል የምርምር ርእሱን የሚመልስ ሰው፣ ርእሱ በድንገት ከእጁ ሲወጣ ከሥራ በላይ የሆነ ነገር ያጣል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሐሳቡን የሚረዱትን የሥራ ባልደረቦች ያጣል፤ ስሙ በጽሑፍ ላይ የሚወጣበትን ዕድል ያጣል። ከእነዚህ ሁሉ ያላሰብኩትና በብርቱ የተሰማኝ የዩኒቨርሲቲ መለያዬ በተዘጋ ዕለት ጆርናሎችን የማንበብ መብቴ አብሮ መዘጋቱ ነው። ትናንት በነጻ የከፈትኩትን ጽሑፍ፣ የራሴ ስም ያለበትን ጭምር፣ ዛሬ ገጹ ክፈል ይለኛል። ሰው ከአንድ የዕውቀት ማኅበረሰብ መውጣቱን እንዲህ በግልጽ የሚነግረው ሌላ ነገር አላውቅም። ይህ ሐዘን ውሳኔው የተሳሳተ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። የተወደደ ነገር ሲቀር የሚመጣ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል፤ በአዲሱ ሥራ የመጀመሪያ ወራት ውስጥ ደግሞ ከሁሉም ይበረታል፣ ምክንያቱም በዚያን ወቅት የቀድሞው ብቃት አይታይም፣ አዲሱም ገና አልመጣም።

አማካሪዎች በዚህ ጉዳይ ዝም ማለታቸውን ብዙ ተማሪዎች እንደ ንቀት ይወስዱታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። አብዛኛው አማካሪ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት እየተሻገረ የኖረ ሰው ነው፤ የሄደበት መንገድ አንድ ብቻ ስለሆነ ስለሌላው የሚናገረው በቂ ነገር የለውም። ሥርዓቱም ዝምታውን ያበረታታል፤ አማካሪው የሚመዘነው በወጡ ጽሑፎችና ባስገኘው የምርምር ገንዘብ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ለቆ በሌላ መስክ የተሳካለት ተማሪ በመዝገቡ ላይ ብዙም አይቆጠርለትም። ክፍተቱን ለመሙላት የተደረጉ ጥረቶች አሉ። የአሜሪካ የሳይንስ እድገት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ዶክትሬት የያዙ ሰዎችን ወደ መንግሥት ፖሊሲ ሥራ የሚያስገባ የአንድ ዓመት መርሐ ግብር ያካሂዳል፤ የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋማትም በ2013 የሕይወት ሳይንስ ተማሪዎችን ለልዩ ልዩ ሙያ የሚያዘጋጁ ዩኒቨርሲቲዎችን ለተወሰኑ ዓመታት በገንዘብ መደገፍ ጀምረው ነበር። እነዚህን ጥረቶች አከብራለሁ። ነገር ግን ዝግጅቱ በመጨረሻው ዓመት በሚሰጥ ዎርክሾፕ ላይ የሚወሰን ከሆነ የዘገየ ነው፤ ተማሪው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ለጥቂት ወራት ወጥቶ በሌላ መለኪያ የሚመዘን ሥራ ሠርቶ ቢመለስ የመመረቂያ ጽሑፉም የተሻለ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

የመለኪያው ልዩነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚገለጠው በጽሑፍ ላይ ነው። የምርምር ጽሑፍ አንባቢውን ከመነሻ ሐሳብ አንሥቶ፣ የቀደሙ ጥናቶችን አሳይቶ፣ ዘዴውን ዘርዝሮ፣ በመጨረሻ ወደ ድምዳሜው ያደርሰዋል፤ አንባቢው በየደረጃው መቃወም እንዲችል ታስቦ የተሠራ ቅርጽ ነው። ለኃላፊ የሚጻፍ የውሳኔ ሐሳብ ግን በድምዳሜው ይጀምራል። «ጉድጓዱ ለጊዜው እንዲዘጋ እንመክራለን» የሚለው መጀመሪያ ይመጣል፣ ምክንያቱ ይከተላል፣ ዘዴው በአባሪ ይቀመጣል። ይህን መገልበጥ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ዶክትሬት የያዘ ሰው ድምዳሜውን ያለ መከላከያ ፊት ለፊት ሲያስቀምጥ ራቁቱን የቆመ ያህል ይሰማዋል። ልምምድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ተማሪ የሆነ ሰው ዛሬውኑ የመመረቂያ ጽሑፉን አንድ ምዕራፍ ወስዶ፣ ከመስኩ ውጭ ላለ ነገር ግን በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ አንድ ነገር ማድረግ ለሚችል ሰው በአንድ ገጽ ቢጽፈው፣ ከብዙ አጫጭር ኮርሶች የሚበልጥ ጥቅም ያገኝበታል።

ሲቪም በዚሁ ይመራል። ለዩኒቨርሲቲ የሚላከው ሲቪ ሁሉንም ነገር የሚመዘግብ ነው፤ ጽሑፎች፣ ጉባኤዎች፣ ያስተማሯቸው ኮርሶች ሁሉ ይዘረዘሩበታል፣ ርዝመቱም ያስመሰግናል። ለቀጣሪ ድርጅት የሚላከው አንድ ወይም ሁለት ገጽ ሲሆን፣ አንባቢው የሚፈልገው በሥራው ምክንያት ምን እንደተለወጠ ነው። «በሦስት የምርምር ቡድኖች መካከል ናሙና የሚሰበሰብበትን ሥርዓት አንድ ወጥ አደረግሁ» የሚለው አረፍተ ነገር ከጽሑፉ ርእስ ይልቅ ይናገራል። የቅጥሩ የጊዜ ሰሌዳም የተለየ ነው። የመምህርነት ማስታወቂያ በብዙ አገሮች ወቅት ጠብቆ ይወጣል፣ ሥራው ከመጀመሩም ወራት ይቀድማል፤ ኩባንያዎችና ድርጅቶች ግን ብዙውን ጊዜ ሰው የሚፈልጉት ክፍት ቦታው ሲፈጠር ነው፣ በሳምንታት ውስጥም እንዲጀምር ይሻሉ። ስለዚህ ከመመረቁ አንድ ዓመት አስቀድሞ ማመልከት የጀመረ ተማሪ መልስ ቢያጣ የብቃቱ ጉድለት አድርጎ መውሰድ የለበትም። ያን ጊዜ ለማመልከት ሳይሆን ሰዎችን ለማነጋገር ቢጠቀምበት ይሻላል።

ውጭ ያለውን ሥራ አሳምሬ ብቻ ባቀርበው ታማኝ አልሆንም። በጥሩ ሁኔታ እየተካሄደ ያለ ጥናት ከሳይንሱ ጋር ግንኙነት በሌለው ምክንያት፣ በጀት ስለተዛወረ ወይም የድርጅቱ ትኩረት ስለተለወጠ፣ በአንድ ስብሰባ ሊቆም ይችላል። የተገኘው ውጤት የድርጅቱ ንብረት ስለሚሆን ለዓለም መናገር የማይቻልበት ጊዜ አለ፤ ይህ ለእኔ እስካሁን ድረስ የሚከብደኝ ነገር ነው። መመለስም ቀላል አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ቅጥር ኮሚቴዎች በአብዛኛው የቅርብ ዓመታት ጽሑፎችን ስለሚመለከቱ፣ ለብዙ ዓመታት ሳያሳትም የቆየ ሰው በሩ ጠብቦ ያገኘዋል፤ በምህንድስና፣ በኮምፒውተር ሳይንስና በመድኃኒት ምርምር ግን ወዲያና ወዲህ የሚመላለሱ ሰዎች አሉ። የሚወጣ ሰው ይህን አውቆ ቢወጣ መልካም ነው።

የታሪክ፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የፍልስፍናና የመሳሰሉት መስኮች ተማሪዎች ሸክም ከእኛ ይከብዳል። ለኬሚስት ቢያንስ «ላቦራቶሪ ያለው ድርጅት» ብሎ የሚጀምርበት ቦታ አለው፤ በመካከለኛው ዘመን የመሬት ይዞታ ላይ ያጠና ሰው ግን የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ ራሱን የሚያገኝበት ቃል የለም። ሆኖም በሺህ የሚቆጠሩ ያልተደራጁ ሰነዶችን ማንበብ፣ እርስ በርስ የሚቃረኑ ምስክርነቶችን መመዘን፣ ማን ለምን እንደጻፈው መጠየቅ፣ ከዚያም የተገኘውን በጠራ ጽሑፍ ማቅረብ በፍትሕና በፖሊሲ ተቋማት፣ በመዛግብት አስተዳደር፣ በኅትመትና በሰብአዊ መብት ምርመራ ውስጥ ዕለት ተዕለት የሚፈለግ ችሎታ ነው። ድርጅታችን ውስጥ የውኃ ጉድጓዶችን የቆየ መዝገብ በማገናዘብ ረገድ የማማክረው ሰው የታሪክ ዶክትሬት አለው፤ በአንድ መዝገብ ላይ እኔ የማየው ቁጥሩን ሲሆን እርሱ የጸሐፊውን ዓላማ ያያል፣ ቁጥሩን ለማመን ወይም ላለማመን ብዙ ጊዜ የሚያበቃን እርሱ ያየው ነው።

ሰዎችን ስለማነጋገር ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ተማሪ በሥራ ላይ ያለን ሰው የሚጠይቀው «እንዴት ተቀጠርክ?» ብሎ ነው፤ መልሱ ግን በአጋጣሚ የተሞላ ስለሆነ ለሌላው እምብዛም አይጠቅምም። እኔ የምመክረው በቅርቡ ስለጨረሰው አንድ ሥራ በዝርዝር መጠየቅን ነው፦ ማን እንደጠየቀው፣ ምን ያህል ጊዜ እንደተሰጠው፣ ምን ሳያውቅ መልስ እንደሰጠ፣ ሥራው በቃ ያለው ማን እንደሆነ፣ ከዚያም በመልሱ ምን እንደተደረገ። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ጨዋታ ነው፤ ብዙ ሰዎችም በአክብሮት ከተጠየቁ አይነፍጉም። ተማሪው እየሰማ ሳለ ልቡ በየትኛው ክፍል እንደሚነቃና በየትኛው እንደሚከፋ ራሱን ያስተውል። ያልታወቀውን ትቶ ማለፍ ፈጽሞ የሚያስጨንቀው ከሆነ የዩኒቨርሲቲውን መንገድ በጽናት መሞከር ይገባዋል፤ «ከዚያስ ምን ተደረገ?» የሚለው ጥያቄ ከሌሎቹ ይልቅ የሚስበው ከሆነ ግን የሚቀጥለውን ሰው ፈልጎ ያነጋግር።